ጃኬት የለበሰው ኬሻ

የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ደቂቃውን ሳይቀር የማውቀው ወዲያውኑ ማስታወሻዬ ላይ ስለጻፍሁት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ጀምሮ ያልተጻፈን ነገር እንዳልተደረገ የምቆጥር ሰው ነኝ። ወዳጄ፣ አስቀድመህ ይህን እወቅልኝ፦ በመንፈስም፣ በሟርትም፣ በሕልምም አምኜ አላውቅም፣ አርባ ዓመት ሕንፃ ሳሠራ «እዚህ ቦታ አይቆፈርም» ያሉኝን ሽማግሌዎች በአክብሮት አዳምጬ፣ አመስግኜ፣ ከዚያም ያስቆፈርሁ ሰው ነኝ።

በዚያ ሳምንት መቱ ከተማ ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የሚሠሩ ሃያ ሁለት ሠራተኞችን ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት እንዳሠለጥን ተጠርቼ ነበር። ሁለት ቀን ስለ ሄልሜት፣ ስለ መሰላል አቋቋም፣ ስለ ቁፋሮ ጠርዝ አስተማርሁ፤ ከከፍታ ስለ መውደቅ ግን በቃል ብቻ ማስተማር አይበቃም፣ በዓይን መታየት አለበት። ከሁሉም ያሳሰበኝ ቶሌራ የሚባል ለሳኝ ነበር፣ የውጭውን ግድግዳ ከላይ ሆኖ የሚለስን፣ እጁ የተባረከ፣ ነገር ግን የደኅንነት ቀበቶ በጭራሽ የማያስር ሰው። ስመክረው «እሺ ጋሼ» ይላል፣ ቀበቶውን ምስማር ላይ ሰቅሎ ይወጣል። ከዓርብ ጀምሮ ቀበቶ ያላሰረ እንዳይወጣ ለአሠሪው ጽፌ ነበርና፣ ወይ እንጀራውን ወይም፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ነፍሱን ሊያጣ ነው።

ስለዚህ አንድ የቡና ኬሻ ግማሹን በአሸዋ፣ የቀረውን በቡና ገለፈት አስሞልቼ፣ ልክ የሰው ክብደት እስኪኖረው በሚዛን አስመዘንሁት። ሠራተኞቹ ይስቁ ነበር፤ አንዱ «ጋሼ፣ ይህ ሰውዬ ምሳውን ከማን ጋር ነው የሚበላው?» ሲለኝ፣ ሌላው «ከአንተ ያነሰ ስለሚያወራ ከእኔ ጋር» ብሎ መለሰለት። ሰው እንዲመስል አሮጌ ልብስ አምጡልኝ አልሁ። አለቃቸው ካቦ ጃለታ ጥቂት ቆሞ ካሰበ በኋላ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ የከረመ ቡናማ ጃኬት አመጣልኝ፣ እኔም ለኬሻው አልብሼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስቆልፍ ሳቁ ጸጥ አለ። ትምህርቱ ገባቸው ብዬ፣ እመነኝ፣ በልቤ ኮራሁ።

ለኬሻውም ያስታጠቅነው የደኅንነት ቀበቶ ከጀርባ በኩል ቀለበት አለው፤ መንጠቆዎቹ ስላልደረሱልን፣ ደስ ባይለኝም፣ ገመዱን በቀለበቱ አሳልፈን በቋጠሮ እናስር ነበር። ዕቅዴ ኬሻውን ከላይኛው ፎቅ ጠርዝ በመጀመሪያ ሳይታሰር፣ ቀጥሎ ታስሮ መጣል ነበር። የገመዱ አንድ ጫፍ ከምሰሶ ጋር ታስሯል፤ ሌላውን ጫፍ ከቀለበቱ በገዛ እጄ ፈትቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥሁና ወረድሁ። ፊሽካ ነፋሁ፣ ከላይ ብቻውን የቀረው ካቦ ጃለታ ገፋው። ኬሻው ሁለት ሜትር ያህል ወርዶ ቀጥ አለ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎም ይወዛወዝ ጀመር። ከኋላዬ አንድ ሰው በቀስታ «ያ ረቢ» ብሎ ፈጣሪውን ጠራ። ሰዓቴን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ካቦው የቀለደብኝ መስሎኝ እየተናደድሁ ወጣሁ። እሱ ግን «እናቴ ትሙት ጋሼ፣ አልነካሁትም» አለኝ። ኬሻውን ጎትተን ስናወጣው ቋጠሮው እኔ ያስተማርሁት ነው፣ ነገር ግን በመስተዋት ውስጥ እንደታየ የተገለበጠ፣ ግራኝ ሰው ያሰረው። ካቦውን እስቲ እንዲህ አድርገህ እሰር አልሁት፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ አልሆነለትም።

በዚህ ጊዜ ንዴቴ ጠፍቶ የማወቅ ጉጉት ያዘኝ። ካቦውን ወደ ታች ሰድጄ፣ ገመዱን ፈትቼ፣ ጫፉን በጫማዬ ረገጥሁት። ከዚያም ሠራተኞቹ ከሥር ዘወር እንዲሉ ለመጣራት ፊቴን አዞርሁ፣ ምናልባት አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከኋላዬ ሽር የሚል የገመድ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎም የሲሚንቶ አቧራ የገባበት ሰው አፍንጫውን ሳብ እንደሚያደርገው ዓይነት ድምፅ። ዞር ብል ማንም የለም። ቀለበቱን ዳግመኛ ሳልመረምር መግፋቴን እስከ ዛሬ እንደ ጥፋት እቆጥረዋለሁ፤ ገፋሁት፣ ገመዱም እንደገና ያዘው። ከጫማዬ ሥር ምንም አልነበረም።

ስወርድ ካቦ ጃለታ ዕውነቱን ነገረኝ። ጃኬቱ የገመቹ ነው፤ ገመቹ የቶሌራ የሥራ ጓደኛ ነበር፣ ግራኝ ነበር፣ ከዓመት በፊት ከዚሁ ፎቅ ወድቆ ሞቷል። የዚያን ዕለት ለሁለቱ የነበረው ቀበቶ አንድ ነበር፣ ገመቹ ለቶሌራ አስሮለት እሱ እንዲሁ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቶሌራ ቀበቶ ወገቡ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ ያጥረዋል።

«ታዲያ ጃኬቱን ሳለብሰው ለምን ዝም አላችሁኝ?» አልሁ።

«እንዴት ብለን ጋሼ? ትልቅ ሰው ልብስ አምጡ ሲል የለም ይባላል?»

እንግዲህ የኮራሁበት ጸጥታ ይሉኝታ ኖሯል። ቶሌራ ግን ወጥቶ ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ ዳሰሰው፤ ሲመለስ «እንዲህ ነበር የሚያስርልኝ» ብቻ አለኝ።

በማግስቱ ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ስደርስ፣ መሰላሉ ሥር ሆኜ ቀና ብል ቶሌራ መወጣጫው ላይ ብቻውን ይለስናል፣ ቀበቶው ወገቡ ላይ ነው። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ወጥቼ እንደ ልማዴ ጀርባውን መረመርሁ። ሰው በራሱ ጀርባ ላይ ሊያስረው የማይችል፣ የተገለበጠ፣ ጥብቅ ያለ ቋጠሮ ነው።

«ማን አሰረልህ?» አልሁት።

መለሰኛውን ከግድግዳው ሳያነሳ፣ «እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ፣ አሁን ከኋላዬ ቆመው» አለኝ። «አፍንጫዎን ሲስቡ ጊዜ፣ ጉንፋን ያዛቸው መሰለኝ ብዬ ነበር።»

ገመዱን ሁለቴ ስቤ ሞከርሁት፤ አስተማማኝ ስለነበረ አልፈታሁትም።

ያልታወቀው ነገር ይህ ነው፦ ሁለቱን ቋጠሮዎች በኬሻው፣ ሦስተኛውን በቶሌራ ጀርባ ላይ ማን እንዳሰራቸው። ቶሌራ ሲታሰር እኔ ገና ወደ ሕንፃው አልደረስሁም ነበር። ጉንፋንም አልነበረብኝም።