እኩለ ቀን ላይ የተገለጠው ቡና

መምህር ይሄይስን ከቡና መፈልፈያው ጀርባ፣ ወንዙ ዳር በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። መነጽሩ ከኪሱ አለ፤ ከእጁ የማይለየው ደብተር ግን የለም።

ይሄይስ በሚዛን የሬዲዮ ጣቢያ ፊልም ይተች ነበር። ከሸኮ ተነስቶ አገር ስላጨበጨበለት ሯጭ፣ ስለ እንድርያስ የተሠራውን ፊልም ከተማው እያለቀሰ ሲያየው፣ እሱ ብቻ «ቅዳሜ እነግራችኋለሁ» አለ። ለቅዳሜ አልደረሰም።

ኢንስፔክተር ንጋቷ ድንጋዩን አየች፤ ውሃ አጥቦታል። አሻራ የሚያነሳው ባለሙያ ጅማ ነው፤ መንገዱ ተቆርጧል። አዛዡ ዳንኤል በስልክ ይጮኻል።

«የፊልሙ አዘጋጅ አልአዛር በዓይኑ አይቶታል እኮ! እንድርያስን እሰሪና ጨርሺ። ነገ ፊልሙን የሚያዩ እንግዶች አሉብኝ!»

ስልኩ ተዘጋ። ንጋቷ እንድርያስን ልትጠይቅ ሄደች።

እንድርያስ ዛሬ እዚያው መፈልፈያ ቡና አድራቂ ነው።

«ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ጥላ ሥር ተኝቼ፣ እህቴ።»

«ማን አየህ?»

«እንቅልፌን ማን ቆሞ ያያል?»

«መምህሩ ሕይወትህን ውሸት ሊለው ነበር አሉ።»

«ሕይወቴን ሳይሆን ፊልሙን። በፊልሙ ቪላ አለኝ። ቪላዬን አይተሽዋል?» ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «ብታስሪኝ ሦስት ልጆች ምን ይበላሉ?»

አልአዛር ቃሉን ሳይጠየቅ ነበር የሰጠው።

«ስድስት ሰዓት ላይ በመንገድ ሳልፍ እንድርያስ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና በእጁ ያገላብጥ ነበር። ይሄይስ መጣ፤ ተጨቃጨቁ፤ ወደ ወንዙ ወረዱ።»

የሸኮ ቡና ገበሬ ልጅ የሆነችው ንጋቷ ቃሉን እንዳለ ጽፋ አስፈረመችው። 

በማግስቱ ጠዋት አልአዛር ራሱ ተመልሶ መጣ።

«ቃሌን ላርም ነው። ቡናው ተሸፍኖ ነበር። እንድርያስ እንዲሁ ቆሞ ነው ያየሁት።»

«ማን አስታወሰዎት?»

«ማንም። ከማረፊያ ክፍሌ አልወጣሁም፣ ሰውም አላነጋገርኩም። ሳስበው ትዝ አለኝ።»

«ጥሩ» አለች።

ከቀትር በኋላ አዛዡንም ጨምሮ ሁሉንም መፈልፈያው በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። የሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ማናልሞሽም መጣች።

«ይሄይስ ምን ሊል እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ለእኔም አላነበበም። አቶ አልአዛር ግን ደውሎ ‹አስቁሚው› ብሎኛል። ፊልሙ ‹እውነተኛ ታሪክ› ተብሎ ውጭ አገር ሊወዳደር ነው አለኝ።»

ንጋቷ በሸራ ወደ ተሸፈኑት አልጋዎች አሳየች።

«የታጠበ ቡና ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲህ ይሸፈናል፤ ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል። በዚያ ሰዓት ማንም አያገላብጥም። አልአዛር ያየው እንድርያስን አይደለም፣ የገዛ ፊልሙን ነው። ቡና ማገላበጡን ጠዋት ቀርጾ በፊልሙ ውስጥ እኩለ ቀን ያደረገውን።»

«ሰው ይሳሳታል! ደግሞም አርሞታል» አለ ዳንኤል።

«ያጋለጠው ማረሙ ነው፣ ጌታዬ። በመንገድ አልፎ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ሸራውን ያይ ነበር። በወንዙ በኩል መጥቶ በዚያው ሄደ፤ ከዚያ አልጋው አይታይም። ታዲያ በአንድ ሌሊት ማን አስተማረው? ሰው አላነጋገርኩም ብሏል። ሰው ካልነገረው አንብቦ ነው።»

ከቦርሳዋ የይሄይስን ደብተር አወጣች።

«በፍርድ ቤት ፈቃድ ዛሬ ከሻንጣህ ያገኘነው ነው። የመጀመሪያው መስመር ‹እኩለ ቀን ላይ ቡና በሸራ ይሸፈናል እንጂ የሚያገላብጥ ሰው በአገራችን የለም› ይላል። ለምን አላቃጠልከውም?»

አልአዛር መሬት መሬት አየ።

«ፊልሙን ላርምበት። የጻፈው ሁሉ ልክ ነበር። አንድ ወር ብቻ እንዲታገሰኝ ለመንኩት… እንቢ አለኝ።»

ማናልሞሽ እጇን ወደ ደብተሩ ዘረጋች። «ቅዳሜ ራሴ አነበዋለሁ።»

«ዛሬ ማታ ለእንግዶቹ ምን ልበል?» አጉረመረመ ዳንኤል።

 እንድርያስ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

«ዘጠኝ ሆነ» አለና ሸራውን ይጠቀልል ጀመር።