ስምንቱ ብልቃጦች

ሽማግሌው ቤተ ሙከራቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ አንገታቸው ወደ ቀኝ ዘንበል እንዳለ ሞተው ተገኙ። ያገኟቸው ዕቃ አጣቢዋ ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የታጠበ ብርጭቆ በትሪ ይዘው ሲገቡ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ማራገቢያው ቆሟል፤ የናይትሮጅኑ ሲሊንደር ተከፍቶ ይነፍሳል። እትዬ ዞረባቸውና ትሪውን ጥለው ወደ ኮሪደሩ ሸሹ።

ናይትሮጅን በራሱ መርዝ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ሲሞላ ግን ለነፍስ የሚሆነውን አየር ገፍቶ ያስወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሰው መታፈኑን ሳያውቅ ያሸልባል።

ያን ሲሊንደር በማለዳ የገጠመችው የሟች የእህት ልጅ ነበረች።

ፋኖስ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። እሷና አጎቷ ዓይን የማያያቸውን ቅንጣቶች ከማዕድን ያበስላሉ፤ ናኖ ክሪስታል ይባላሉ፤ ሐምራዊ መብራት ሲያርፍባቸው እንደ ፍም ያበራሉ። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ጣፋጩ የሚሉት ሰው ስኳር ይሠራል። ስኳር ስላችሁ የሻይ አይምሰላችሁ፣ ልጆቼ። የሱ ስኳር ቀለበት በቀለበት የተያያዘ ሰንሰለት ነው፤ አንዱን ካንዱ የሚገጥምለት ኢንዛይም ነው። ሰንሰለቱ ሲያልቅ ክሪስታሉን እንደ ልብስ ያለብሱታል፤ በደም ጠብታ ውስጥ የተደበቀ በሽታ ፈልጎ እንዲያበራ። ሁለቱ ክፍሎች እንዲህ እንደ ድርና ማግ ነበሩ።

መርማሪው ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ መርፌ ይሉታል። ከሟች ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ስምንት ትንንሽ ብልቃጦች ተደርድረው አየ። በየአንዳንዱ ላይ በእርሳስ ሰዓት ተጽፏል። አሽጎ አስቀመጣቸውና በማግስቱ ፋኖስን አስጠራ።

«ተቀመጪ ልጄ። ነጠላሽን ምን አስከናነበሽ?»

«በርዶኝ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ በኮሪደሩ ስታልፊ እትዬ አይተውሻል።»

«ከመጋዘን እየተመለስኩ ነበር። በሩ ዝግ ነው። አጎቴ በሩን ከዘጋ ሥራ ላይ ነው፤ ገብቶ የሚረብሸውን አይምረውም። አልፌ ወደ ጽሕፈት ክፍሌ ሄድኩ።»

«ስንት እርምጃ ይርቃል?»

«አሥር» አለች። ያን በር ከፍታው ቢሆን ኖሮስ? ይህ ሐሳብ ከትናንት ጀምሮ እንደ ጅብ ይከተላታል።

«ብልቃጦቹስ?»

«ክሪስታሉ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ያድጋል። ማደጉን ለማየት በየአምስት ደቂቃው ጠብታ እንወስድና ሰዓቱን እንጽፍበታለን።»

«የመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ይላል፣ የመጨረሻው ስምንት ከሠላሳ አምስት። እንግዲያው አጎትሽ እስከዚያ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።»

አንገቷን ደፋች። በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት እሷና እትዬ ብቻ ናቸው። ገመዱን በገዛ አፏ አንገቷ ላይ ቋጠረችው። ፊቷ የተቀመጡትን የታሸጉ ብልቃጦች ቀና ብላ ለማየት እንኳ አልደፈረችም።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ማደጉን በምን ታውቃላችሁ?»

«መጋረጃ ዘግተን ሐምራዊ መብራት እናበራበታለን። ትንሹ አረንጓዴ ያበራል። ሲያድግ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ በመጨረሻ ቀይ።»

መርማሪው በማስታወሻው ላይ አንዲት መስመር ጻፈ። ምን እንደጻፈ ስላላየች ፍርሃቷ ባሰ።

እትዬ ተራቸው ሲደርስ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ገቡ።

«እትዬ፣ ሲያገኟቸው ጫማቸው የት ነበር?»

«ከወንበሩ ሥር ነዋ። ምሳ ከበሉ በኋላ ከሰባት እስከ ስምንት ያሸልባሉ፤ ጫማ አውልቀው። ማንኮራፋታቸው እኮ የኔን ብርጭቆ ያንቀጫቅጨዋል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።»

«ያለ ጫማ ይሠራሉ?»

«እሳቸው? እኔ በነጠላ ጫማ ብቅ ስል እንኳ ‹እግርሽን ልትጠብሺው ነው?› ብለው ያባርሩኝ ነበር። እዚህ እኮ የሚፈላው ውሃ አይደለም፣ ጌታዬ።»

ጣፋጩ በመጨረሻ መጣ። ሲናገር ቅቤ ያነጉታል።

«በጣም አዝኛለሁ። እኔ ሰባት ተኩል ላይ ለስብሰባ ወጣሁ፤ ሃያ ሰው ምስክሬ ነው። ልጅቷ ግን ትጨነቅ ነበር፤ ሰሞኑን ከአጎቷ ጋር አልተስማሙም።»

«ይሆናል። እስቲ ስለ ስኳርህ ንገረኝ። መብዛት ማነሱን በምን ትለየዋለህ?»

ጣፋጩ ፈገግ አለ። «በቀለም ነዋ። መለያ ጠብታ እንጨምርበታለን፤ የጠቆረው ብዙ፣ የገረጣው ጥቂት። ሕፃን ይለየዋል።»

«የማዶው ክፍል ሥራስ?»

«ከደጅ ሆኜ አያለሁ እንጂ አልገባም። ሽታውን አልችለውም።»

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበ። የፋኖስ እናት ከሩቁ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ የልጇን ዓይን አላየችም፤ ቤት ውስጥ ልጅቷ ስትገባ እናት ትወጣለች። ፋኖስ ከእስር ይልቅ ይህን ፈርታለች። መርማሪው ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ አቁሟል፤ ዓይናቸው እሷ ላይ ነው።

«ብልቃጦቹን እዩ» አለ መርማሪው። «ከገረጣ እስከ ጠቆረ ተሰድረዋል። በቀን ብርሃን ሲያዩዋቸው ልክ ይመስላሉ። እትዬ፣ መጋረጃውን ይዝጉልኝ።»

ጨለመ። መርማሪው ሐምራዊውን መብራት አበራ።

ስምንቱም ቀይ አበሩ። አንዱ ደብዘዝ፣ አንዱ ደመቅ ይላል እንጂ ሁሉም ያው ቀይ ነው።

«ይሄማ...» አለች ፋኖስ፤ ሳታስበው ተነስታ ቆማለች። «ይሄ እኮ ያለቀለት ክሪስታል ነው። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የቀጠነ ነው። የመጀመሪያው አረንጓዴ መሆን ነበረበት።»

«አዎ፣ ልጄ። ማቅጠን ያገረጣዋል እንጂ ቅንጣቱን አያሳንሰውም። እንግዲያው አጎትሽ እነዚህን አልቀዱም። ጫማ አውልቀው የተቀመጡ ሰው ተኝተው ነበር፤ ከእንቅልፋቸውም አልተነሱም። ሰዓቶቹ የተጻፉት ገና ሳይደርሱ ነው። ታዲያ የሞታቸውን ሰዓት ወደፊት መግፋት ማንን ይጠቅማል? እትዬ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ናቸው፤ ምንም አይጠቅማቸው። አንቺን ጭራሽ ወጥመድ ውስጥ ይከትሻል። የሚጠቅመው ሰባት ተኩል ላይ ወጥቶ ለሄደ ሰው ነው። ብልቃጦቹን የደረደረውም የጠቆረ ሁሉ በዛ፣ የገረጣ ሁሉ አነሰ ብሎ የሚያምን፣ ይህን ሥራ ከደጅ ብቻ ያየ ሰው ነው።»

መጋረጃው ሲከፈት ጣፋጩ ግንባሩ በላብ ተዘፍቆ ተገኘ።

«ለምን?» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «ምን በደሉህ?»

«በሚቀጥለው ቀን የስኳሩን ሰንሰለት ራሳቸው ሊፈትሹ ነበር» አለ መርማሪው በሱ ፈንታ። «ቀጠሯቸውን በደብተራቸው ጽፈውታል። እኔ አስፈተሽኩት። አሥራ ሁለት ቀለበት ብለህ ለዓለም ያወጅከው ሰባት ላይ የተበጠሰ ነው።»

ጣፋጩ እጁን አየ። «ተኝተው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ በሩን ዘጋሁ። ምንም አልተሰማቸውም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። እትዬም እንባቸውን እየጠረጉ ተከተሉ። መርማሪው በሩን ገርበብ አድርጎ እናትና ልጅን ለብቻቸው ተወ።

ፋኖስ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ፍርሃቷ ገና አልለቀቃትም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ብለሽ አምነሽ ነበር አይደል?»

እናትየው ለመዋሸት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው።

«አዎ» አለች። «አምኜ ነበር።»

ከእግሯ ሥር የነበረውን ቦርሳ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከፈተችው። በፎጣ የተጠቀለለ ዳቦ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ወፍራም ሹራብ፣ አዲስ ካልሲ።

«እስር ቤት ይበርዳል ብዬ» አለች።