ዘይቱኑ ከደጅ አይወጣም

«ይህ ዘይቱን ከሐረር ነው የመጣው?»

«የለም። ከአባቴ እጅ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። ናርዶስ ሰውዬውን ቀና ብላ ሳታይ ካሜራዋን ወደ ቅርንጫፉ አነሳች። ከኋላዋ ጎብኚዎቹ፣ የድሮ ሲራራ ነጋዴዎች የተከሉትን ሮማንና ትርንጎ እያደነቁ ይንጫጫሉ። እነሱ የሚያውቋት ትህትና በሚል ስም ነው፤ በዓመት ፈቃዷ አትክልት ቦታ ለማየት ወደ ሸዋሮቢት የወረደች የባንክ ሠራተኛ። ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን የምስጢር ስሟ «ግራዋ» ነው።

ሰውዬው አንዋር መሆን አለበት። የጦር መሣሪያ አሻጋሪዎች ሾፌር፤ አንድ ሙሉ ጭነት ሰውሮባቸው የከዳ። መልኩን አታውቀውም። የምታውቀው ሚስቱን ነው። ሰሀርን ከነአራስ ልጇ ደብረ ብርሃን የደበቀቻት ራሷ ናት። ቦታውን ለባልደረቦቿ እንኳ አልተናገረችም።

«ሰሀርን ሳላይ አንዲት ቃል አይወጣኝም» አለ ሰውዬው። «የት ናት?»

«መኪናው ጋ እነግርሃለሁ። ቅደም።»

ዘይቱኖች ቀጠፈና ኪሱ ከተተ። ተከተለችው። ከሮቢ ወንዝ በኩል ትንፋሽ የሚሆን ንፋስ የለም። ወፉ ሁሉ ዝም ብሏል።

ደጃፉ ላይ ግርግር ነበር። የአትክልቱ ጠባቂ፣ ሽማግሌው ሰዲቅ፣ ጡረተኛዋን ጎብኚ እትዬ ቆንጅትን አስቁመዋቸዋል።

«ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ እትዬ።»

«ለአንዲት ዘይቱን ጀሀነም ሊከቱኝ ነው?»

«እዚሁ እስኪጠግቡ ይብሉ። ወቅፍ ነው፤ ለአላህ የተሰጠ፣ የመንገደኛ ሁሉ። ከደጅ ግን አንዲት ፍሬ አይወጣም። እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ አልፈርድብዎትም። የመንደራችን ልጅ ገና ድክ ድክ ሲል ነው ኪሱን ገልብጦ መውጣት የሚማረው።»

እትዬ ቆንጅት ፍሬውን እዚያው ገመጡት። «እንግዲህ ሆዴን ይፈትሹ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ናርዶስ አልሳቀችም።

አንዋር ተወልዶ ያደገው እዚህ መንደር ነው። ከፊቷ ያለው ሰው ግን ኪሱ እንዳበጠ ሽማግሌውን አልፎ ወጣ። ቅር አላለውም። አልተሳቀቀም።

አንዋር አይደለም።

ውጭ ኢዮብ ፒክአፑን ተደግፎ ቆሟል። የሥራ ባልደረባዋ ነው። አንዋርን ከአሻጋሪዎቹ አስከድቶ ያመጣው እሱ ነው፤ ስንቴ አብረው ምሳ በልተዋል። ኢዮብ ፊቱን ይለየዋል። አሁን ይጮሃል።

«ወንድሜ አንዋር!» አለ ኢዮብ፣ እጁን ዘርግቶ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

ኢዮብም ከእነሱ ጋር ነው።

አንዋር ተይዟል። ጭነቱን የት እንደሰወረ አልናገር ብሏቸዋል። አፉን የሚያስከፍት አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራቸው። ሚስቱና ልጁ።

«ወዴት ልንዳ ናርዲ?»

«ካራቆሬ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር።»

«አንቺስ?»

«ከጉብኝቱ ብነጠል ዓይን ውስጥ እገባለሁ።»

ኢዮብ ሳቀ። «እኛ በፀሐይ እንጋገር፣ አንቺ አበባ አሽትቺ።»

«ቀናህ?»

ፒክአፑ አቧራውን አስነስቶ ወደ ሰሜን ታጠፈ። ስልኳን አወጣች።

«ዋርካ፣ ግራዋ ነኝ። ኢዮብ ሸጦናል። ሐሰተኛ አንዋር ይዞ ወደ ካራቆሬ እየነዳ ነው።»

«ዋርካ» የሚባሉት አለቃዋ ጠየቁ። «እውነተኛውስ?»

«እጃቸው ላይ ነው።»

«ኬላው ላይ ባስይዛቸው ወሬው ለአሻጋሪዎቹ ይደርሳል። አንዋርን ይጨርሱታል።»

«ካልተያዙም አረንጓዴ በር እንደሌለ ያያሉ። ያኔም ይጨርሱታል። ቀጥሎ ሰሀርን ፍለጋ ይወጣሉ።»

«ወሰንሽ?»

በግንቡ ማዶ እትዬ ቆንጅት አሁንም ያስቃሉ።

«ያስይዟቸው።»

ከሰዓት በኋላ፣ ጎብኚዎቹ በሚኒባስ ወደሚቀጥለው አትክልት ቦታ ሲጓዙ፣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነበር።

«ሁለቱም ተይዘዋል» አሉ ዋርካ። «ሐሰተኛው ሁሉንም ዘርግፎ አለቆቹን አስይዟል። ሥራው አልቋል።»

«አንዋርስ?»

«ስንደርስ ገላው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።»

ዘጋችው። ወዲያው እንደገና ጠራ። ሰሀር ናት። ሰሀር የምታውቃት አሪፋ በሚል ስም ነው።

«አሪፋ እህቴ፣ አንዋር ካንቺ ጋ ነው? የልጁ ሰባተኛ ቀን ነገ ነው። አባቱ ሳይመጣ ስም አላወጣም ብያለሁ።»

መዋሸት ትችል ነበር። ሥራዋ ነው።

«አንዋር አይመጣም» አለች ቀስ ብላ። «ገድለውታል። ስሙን አንቺ አውጪለት።»

ከወዲያ ማዶ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ናርዶስ ሲም ካርዱን አውጥታ በጥርሷ ሰበረችና በመስኮት ጣለችው።

«ምነው ትህትና፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አሉ እትዬ ቆንጅት።

«ሙቀቱ ነው እትዬ።»

ሚኒባሱ ቆመ። አስጎብኚው ከበሩ ላይ ዞሮ ወንበሮቹን ቃኘ።

«ሁሉም አለ? የጎደለ ሰው የለም?»

«የለም» አለች። ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ከሌሎቹ ጋር ወረደች።