ሰባት ቤት ያልሞላ ፍቅር

ብሌን ከዮሐንስ ጋር የተዋወቀችው ግንባሩን በድንጋይ ፈንክታ ነው። ሌሎች በአበባ ይጀምራሉ፤ የኛ ሰፈር ልጅ እጇ ይፈጥናል።

ከኤረር በር ወጣ ብሎ፣ በቁልቋልና በቆሻሻ መሀል፣ ድሮ ሐረር የገቡ የወታደር ቤተሰቦች የተቀበሩበት አጥር የሌለው ቦታ አለ። ለቤቱ ድንጋይ የጎደለው ሁሉ ከዚያ ይፈነቅላል። ብሌን የአቦከር ሰፈር ጎረቤቴ የወይዘሮ ገላነሽ ልጅ ናት፤ አስተማሪ። የዘሯን ስም በደብተር መልቀም ከጀመረች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ትውላለች፤ እኔም እሾህ ልመነጥርላት እከተላለሁ። አንድ ቅዳሜ አንድ ረጅም ወጣት ከቅድመ አያቷ ከግራዝማች አጥናፌ መቃብር ላይ ድንጋይ ሲያነሳ አየች። አልጠየቀችም፤ ወረወረች።

«ሌባ! የሙታን ቤት ታፈርሳለህ?»

ወጣቱ ደሙን በመዳፉ ይዞ ዞረ። «አቦ! የወደቀውን እያቆምኩ እኮ ነው! የአያቴ አባት መቃብር ነው።»

«የማን?»

«የግራዝማች አጥናፌ።»

ብሌን ደነገጠች። ሻርፗን አውልቃ ግንባሩን አሰረችለት። ቋጠሮው ካለቀ በኋላም እጇ እዚያው ቆየ።

«ያምሃል?»

«አሁን ስታዪኝ ነው የጀመረኝ።»

እኔ ወደ እሾኼ ተመለስኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልበቃቸውም፤ ረቡዕ ተጨመረ። እሱ ግንበኛ ነው፤ ለመቃብሩ አጥር ይክባል፣ እሷ ድንጋይ ታቀብላለች። የሰው ሁሉ ዘር ቆጣሪ የዮሐንስን ስም ግን ደብተሯ ላይ አልጻፈችም። ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ሁለቱም ከግራዝማቹ ሲቆጠሩ አራት ቤት ብቻ ናቸው፤ በኛ ሃይማኖት ደግሞ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም።

ወሬው ወይዘሮ ገላነሽ ጆሮ ሲደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ዮሐንስ አባት ቤት ነጎዱ። አቶ እንደሻው «እኔ የግራዝማች አጥናፌ የልጅ ልጅ!» ሳይሉ ዳቦ እንኳ የማይገዙ ሰው ናቸው።

«ልጅዎን ይያዙልኝ!»

«ነውር ነው ወይዘሮ ገላነሽ። ደም ከደም አይጋባም። እኔው ራሴ አስቀረዋለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሰብረው።

የብሌን ወንድም ቢኒያም ግን እስኪያስቀሩት አልጠበቀም። ዮሐንስን ኤረር በር ላይ ጠብቆ፣ ገበያተኛ እያየው፣ «የገዛ እህትህን?» እያለ አፍንጫውን ሰበረው። ዮሐንስ አንዲት ቡጢ አልመለሰም። ይሄ ቢኒያምን ይበልጥ አበሸቀው፤ በእርግጫ ደገመው።

ያበጠ ፊቱን ይዞ ቅዳሜ መጣ። ብሌን አለቀሰች።

«አጥሩን ጨርሼ ድሬዳዋ እሄዳለሁ» አላት። «እዚህ ሆኜ እህቴ ልልሽ አልችልም።»

የቀረው በቁልቋል የተዋጠው ጥግ ብቻ ነበር። ገጀራውን አነሳ። ያ ምንጠራ አልነበረም፤ ቢኒያምንም፣ አባቱንም፣ ግራዝማቹንም የሚቆርጥ ይመስል ነበር። ነጩ የቁልቋል ወተት እየተረጨበት ሥሩ ድረስ ወረደ። ገጀራው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ጮኸ።

ብሌን ተንበርክካ አፈሩን ጠረገችና ጮክ ብላ አነበበች፦

«የግራዝማች አጥናፌ በቅሎ ጫኝ የነበረው ወሰኔ ጅሩ እዚህ ዐርፏል። ልጁ ጌታነህ አቆመለት።»

ዮሐንስ ገጀራውን ጣለ። «ጌታነህ እኮ አያቴ ነው።»

ብሌን ጽሑፉን በጣቷ ደገመችው። ከዚያ እሷ፣ በሹክሹክታ፣ «እንግዲያ አንተ የግራዝማቹ…»

«አይደለሁም! የበቅሎ ጫኝ ዘር ነኝ!» በተሰበረ አፍንጫው ሳቀ። ርስት የወረሰ ሰው እንደሱ አይስቅም።

ሳቁን ያቋረጡት አቶ እንደሻው ናቸው። ልጆቹ አብረው መሆናቸውን ሰምተው እያለከለኩ መጥተው ነበር። የተቆረጠውን ቁልቋል አዩ። ድንጋዩን አዩ። ከጎኔ ተጋድሞ የነበረውን ዶማችንን አነሱ።

«ተነስ ከዚያ!»

«አባዬ፣ ያውቁ ነበር?»

«ሃምሳ ዓመት በዚህ ከተማ በግራዝማች ስም ሰላምታ ተሰጥቶኛል! በስተርጅና በቅሎ ጫኝ ልሁን?»

ዶማው ወደ ላይ ወጣ። ዮሐንስ ግራ እጁን ድንጋዩ ላይ በተቀረጸው ስም ላይ ዘረጋ። አባቱ ዶማውን ይመልሳሉ ብሎ ይሆናል። አልመለሱም።

የአጥንቱን ድምፅ እኔ ዛሬም እሰማዋለሁ። ብሌን ዘላ የሽማግሌውን ክንድ ነከሰች፤ እኔ ዶማውን ነጠቅኩ። በመንገዱ ሲያልፍ ጩኸቱን የሰማ ጀይላን የሚባል ባለባጃጅ ገብቶ፣ «ያ አላህ! አባት ልጁን?» እያለ ዮሐንስን ተሸክሞ ወጣ።

አቶ እንደሻው እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አሉ። የልጃቸው ደም ድንጋዩ ላይ በፊደሎቹ ውስጥ ይወርዳል።

«ቁልቋሉን የተከልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «አባቴ በሞተ በዓመቱ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።»

ነጠላዬን ሰጠኋቸው፤ ፊታቸውን ሳይሆን ድንጋዩን ጠረጉበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ተልኮ ወይዘሮ ገላነሽ ቤት ተቀመጥን። ዮሐንስ እጁ በጀሶ፣ ብሌን ከበሩ ጥግ። ቢኒያም ክንዱን አጣምሮ ቆሟል።

«ዘር ይቆጠር» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ። ወሬውን ሰምተዋል፤ ግን ከሰውየው አፍ ይፈልጉታል።

አቶ እንደሻው ተነሱ። «ዮሐንስ እንደሻው። እንደሻው ጌታነህ። ጌታነህ…»

ላባቸው በጢማቸው ወረደ። ብሌን ከንፈራቸውን ታያለች።

«ጌታነህ ወሰኔ። ወሰኔ ጅሩ። በቅሎ ጫኝ ነበር።»

ቢኒያም ያጣመረውን ክንዱን ፈታ።

«እኔስ ድሮም የግራዝማቹ አፍንጫ የለዎትም እል ነበር» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ቢኒያም ዮሐንስ ፊት መጥቶ ጎንበስ አለና ለይቅርታ ጉልበቱን ያዘ። ዮሐንስ በደህና እጁ ወደ ላይ ጎተተው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ለመሆኑ ይህ ወሰኔ የት ነው የተቀበረው?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ እንደሻው ከዘራቸውን አነሱ።

«ተነሱ» አሉ፣ «ላሳያችሁ።»