ዘጠኝ ሺህ ርዕሶች

ትምህርት እንዳበቃ ኮሪን የኦቾሎኒ ቅቤ ሳንድዊቿን ልትገምጥ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢሮ የኃላፊዋ የሚስ ሃልቨርሰን ድምፅ ይሰማል። አልጮኹም፤ እሳቸው ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«ካታሎጉ በሙሉ ነው እኮ፣ ጋሬት። ዘጠኝ ሺህ መጽሐፍ። የሰው ስም አልቀረ፣ የከተማ ስም አልቀረ፣ ሁሉም በትንሹ ፊደል ሆኗል። የተሠራው ደግሞ በአንተ ስም ተገብቶ ነው።»

«ምሳ ስወጣ ኮምፒዩተሬን ሳልዘጋው ሄጃለሁ፣ ሚስ» አለ ጋሬት። «ምናልባት ሳይታወቀኝ ነክቼ ይሆናል።»

ኮሪን ሳንድዊቿን ዝቅ አደረገች። ጋሬት ምንም አልነካም። የነካችው እሷ ናት።

ከተዘጋው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በስጦታ የመጡ ስድስት መቶ መጻሕፍት ነበሩ። የመዘገባቸው ሰው እያንዳንዱን የርዕስ ቃል በካፒታል፣ በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ጀምሮታል። ካታሎግ ላይ ግን እንደዚያ አይጻፍም። ካፒታል የሚገባው ለርዕሱ የመጀመሪያ ቃልና ለስሞች ብቻ ነው። ሚስ ሃልቨርሰን ለሚረዷቸው ሁለት ተማሪዎች፣ ለኮሪንና ለጋሬት፣ «አንድ በአንድ፣ እያነበባችሁ አርሙ» ብለው ነበር። «ኮምፒዩተሩ ሮዝ የምትባለውን ሴት ከአበባው አይለይላችሁም።»

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪን አርባ ያህሉን አርማ ሰለቻት። የራሷ ኮምፒዩተር ይንቀረፈፋል፤ የጋሬት ደግሞ ተከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። እሱ ላይ ሄደች፣ ሁሉንም መረጠችና ወደ ትንሽ ፊደል የሚለውጠውን ቁልፍ ተጫነች። የመረጠችው የስጦታዎቹን ብቻ መስሏት ነበር። ውጤቱን ሳታይ ለሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሮጠች።

ጋሬት ከቢሮ ወጣ። ጆሮዎቹ ቀልተዋል።

«ምን አሉህ?»

«የካታሎጉ የመጨረሻ ቅጂ የተቀመጠው በገና ነው። እሱን ከመለሱ ከገና ወዲህ የሠራሁት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በእጅ አርመዋለሁ አልኳቸው።» ቦርሳውን ወለሉ ላይ ጣለ። «የድጋፍ ደብዳቤውንም አይጽፉልኝም። ዛሬ ነበር የሚገባው።»

ደብዳቤው ትምህርት ሲዘጋ በአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ለመቀጠር ነበር፤ ከመስከረም ጀምሮ ስለዚያ ሥራ ብቻ ነው የሚያወራው።

«ሰውዬ፣ አንተ መሆንህን በምን አወቅህ?» አለችው፤ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።

«ከእኔ ሌላ ማን ይነካዋል?» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እንደውም ትዝ ሳይለኝ አልቀረም። የሆነ ነገር ተጭኛለሁ።»

ቀና ብሎ አላያትም፤ አልጠረጠራትምም። ተቀመጠና የመጀመሪያውን ርዕስ ከፈተ።

ኮሪን ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ባለፈው ዓመት የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ስትገለብጥ ተይዛ፣ ርዕሰ መምህሩ እናቷ ፊት «ሌላ አንድ ጥፋት፣ ከዚያ ትታገዳለች» ብለዋል። እናቷ በመኪና ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያ ዝምታ ከእገዳው ይልቅ ያስፈራታል። በመስኮቱ በኩል ቢጫው አውቶቡስ በረዶው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መሳፈር ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ማንም አይጠይቃትም።

ያስፈራትም ይኸው ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። ጋሬት ደግሞ ሰኞ ሲመጣ ያልተጫነውን ቁልፍ መጫኑን ጨርሶ አምኖ ይመጣል።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ኮሪን የቢሮውን በር እያንኳኳች ነበር።

«ሚስ፣ ጋሬት አይደለም።»

ሚስ ሃልቨርሰን ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እሱ ራሱ አምኖልኛል እኮ።»

«ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ስላልታየው ነው። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ ከመሳቢያቸው ለጋሬት የድጋፍ ደብዳቤ የሚሆን ባዶ ወረቀት አወጡ።

«ለርዕሰ መምህሩ መንገር አለብኝ» አሉ። «ለእናትሽም እደውላለሁ። ለጋሬት ግን አንቺው ንገሪው።»

ጋሬት አሥራ ሰባተኛው ርዕስ ላይ ደርሷል፤ የአንድ የሞተ ሰባኪ ስም በካፒታል እየመለሰ ነው። ኮሪን አጠገቡ ወንበር ሳበች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«ጋሬት» አለችው፣ «እጅህን ከዚያ ላይ አንሣና ስማኝ።»