ትቃጠላለች ያላት አምፕ

ዊዳድ ከኮምቦልቻ ተነስታ ደሴ እስክትደርስ ከአፏ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ሲሏት «አይ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አላመማትም። ተናዳ ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ንዴቷም አብሮት እየወጣ፣ ደሴ ሲደርሱ ጉሮሮዋ ላይ ነበር።

የደሴው ሰኞ ገበያ እንደ ልማዱ ሰው በሰው ላይ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እየተጋፋች፣ እየሳቀች «እስቲ አንዴ አሳልፉኝ» እያለች ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን በፋሻ የተጠቀለለ የግራ እጅ ጣቷን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ በቀኝ ክርኗ መንገድ እየከፈተች ሄደች። ፊቷን ያየ ሁሉ ገለል አለላት።

የሙንዚር ሱቅ በሁለት ጨርቅ ቤቶች መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። አምፕ የሚሉትን ድምፅ ማጉያ፣ ማይክና ኪቦርድ ይጠግናል፤ አሮጌ ይገዛል፤ አድሶ ይሸጣል። ሲያያት የያዘውን አስቀምጦ ፊቱ በርቶ ተነሳ።

«አሰላሙ አለይኪ! ጣትሽ እንዴት ሆነ? እኔ ራሴ ልመጣ ስል...»

«ወአለይከ ሰላም። ጣቴን ተወው። ያቺ አምፕ የታለች?»

«የቷ?»

«ጥቁሯ። ትንሿ። የኮምቦልቻ መብራት ስለሚወዛወዝ በሳምንቷ ትቃጠላለች ያልከኝ!»

ብርሃኑ ከሙንዚር ፊት ላይ ሲጠፋ ታየ።

«ተቃጠለች?» አለች ዊዳድ።

«ተሸጠች።»

«ለማን?»

«ለቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፣ ለምንተስኖት።»

«ትናንት ፋብሪካችን ባዘጋጀው ዝግጅት ላይ ሲጫወትባት አየሁት። ኮምቦልቻ! ያው መብራቱ የሚወዛወዝበት ኮምቦልቻ! በአንድ እጁ አንጠልጥሏት ገባ፣ በአንድ እጁ አንጠልጥሏት ወጣ። ‹ከየት ገዛሃት?› ብዬ ስጠይቀው ‹ሙንዚር ነው የሸጠልኝ፣ እንዲህ ያለች ዕቃ የለችም ብሎ› አለኝ። ለእኔ የምትቃጠለው ለሱ ሲሆን የማትቃጠለው ለምንድን ነው?»

ዊዳድ በአንድ የኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ከፈረቃዋ ስትወጣ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ጓደኛዋ ኢስራ ኪቦርድ ትነካለች፣ ነጂባ ከበሮ እየመታች ታዜማለች፤ ሦስቱም ሰርግ ላይ በሴቶቹ በኩል ይጫወታሉ። በሴቶቹ በኩል ማለት ወንድ ዝር የማይልበት ማለት ነው። ሴቶቹ ሒጃባቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው እንደ ልባቸው ይጨፍራሉ። ስለዚህ ከበሩ ወዲያ ያለውን ዕቃ ሁሉ የሚያነሱትም የሚያወርዱትም ሦስቱ ልጆች ራሳቸው ናቸው።

ከዕቃው ሁሉ የከፋው «በሬው» ነበር። በሬው ዊዳድ ከአንድ ከፈረሰ የኪነት ቡድን በርካሽ የገዛችው አሮጌ የቤዝ አምፕ ነው። ድምፁ ግድግዳ ይነቀንቃል፤ ነገር ግን ጉልበተኛ ወንድ ካልሆነ ወይም ሁለት ሰው ካልተጋገዘ በቀር ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ከሙንዚር ጋር ያስተዋወቃትም እሱ ነው። በዝናብ ቀን ተሸክመው ሱቁ ድረስ ቢያመጡለት፣ ከፍቶ አይቶ «ይሄ እኮ አልሞተም፣ ተኝቶ ነው» አለና አሳቃት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰርግ በኖረ ቁጥር ከደሴ እየወረደ፣ በሬውን ከሚኒባስ አውርዶ እስከ ሴቶቹ በር ይሸከምላት ጀመር። በሩ ላይ ትንሽ ይተያያሉ። «በርቺ» ይላታል። ትገባለች። እሱ ሰርጉ እስኪያልቅ ከግድግዳው ውጭ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከ«በርቺ» ያለፈ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ያቺን ትንሽ ጥቁር አምፕ ሱቁ ውስጥ አይታ ልትገዛት ነበር። «ተያት፣ ትቃጠላለች» አላት። የሙያው ሰው እሱ ነው፤ አመነችው።

ከዚያ የሐርቡ ከተማው ሰርግ መጣ። የሴቶቹ ቦታ ፎቅ ላይ ነበር። ሙንዚር በሬውን ደረጃው ሥር አስቀምጦ ተመለሰ። ሦስቱ ልጃገረዶች እየተንገዳገዱ ወደ ላይ ሲያወጡት ኢስራ አዳለጣት፣ በሬው ወደ ኋላ ሸሸ፣ የዊዳድ ጣት በሱና በብረቱ መደገፊያ መካከል ቀረ። ሐኪሙ «ይድናል፤ ዳግመኛ እንዲህ ከሆነ ግን ጊታርሽን እርሺው» አላት። ኢስራም በሬውን በሕይወቷ ሁለተኛ ላትነካ ማለች። ሰርግ የሚበዛው ከረመዳን በፊት ነው፤ ረመዳን ደግሞ እየቀረበ ነበር። ቀላል አምፕ ካልተገኘ የሦስቱ ነገር አበቃ ማለት ነው።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለች ዊዳድ።

ሙንዚር እጁን በጨርቅ ጠረገ። ንጹሕ የነበረውን እጁን ደግሞ ጠረገው።

«ከገዛሻት ብቻሽን ትይዣታለሽ» አለ።

«እና?»

«እኔ ታዲያ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ዊዳድ ይህን የመሰለ ቃል ከዚህ ሰው አፍ እስኪወጣ ስንት በር ላይ ቆማ ጠብቃ ነበር። አሁን ሲወጣ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ደሟ ፈላ።

«‹ልምጣ› ብለህ ነዋ! አፍ የለህም? ‹ወደድኩሽ› ማለት አቅቶህ ነው በሬ ያሸከምከኝ? ኢስራ ወገቧን ይዛ ስታለቅስ፣ እኔ እጄ ደም በደም ሲሆን፣ አንተ ደጅ ቁጭ ብለህ የፍቅር ሰው ነህ! አላህ ይይልህ!»

የጨርቅ ቤቶቹ ነጋዴዎች አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ሙንዚር አላያቸውም።

«ልክ ነሽ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

«አልልም!» አለችና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «አሁን ሥራህን ሥራ። አምፕ ምረጥልኝ። በአንድ እጄ የምይዘው፣ ሚኒባስ ውስጥ እግሬ ሥር የሚገባ፣ እልልታ የማይውጠው። ያለኝ ገንዘብ ይሄው ነው፣ ሌላ የለኝም። ስጦታህንም አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ዓይንህን ማየት አልፈልግም።»

ሙንዚር ከመደርደሪያው አንዷን አወረደ። አዲስ፣ የምታብረቀርቅ ናት። ዊዳድ እጇን ስትዘረጋ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ቆንጆ ናት፣ ግን ቀጭን ድምፅ ላለው ለሊድ ጊታር የተሠራች ናት። ወፍራሙን ድምፅ ስትሰጫት ስፒከሯ ይቀደዳል። ብዙ ሰው በዋጋዋ ይታለላል።»

«አንተ ስለ ማታለል አታስተምረኝ።»

ሁለተኛዋን አወረደ። «ይቺ የቤዝ ናት። ግን ቤት ውስጥ መለማመጃ ነች፤ ነጂባ ከበሮውን ሁለቴ ስትመታው አትሰማልሽም።»

ሦስተኛዋን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣት። ግራጫ፣ አንድ ጠርዟ የተሰበረ፣ እጀታዋ በሽቦ የታሰረ።

«ይቺ ናት ያንቺ» አለ። «ውስጧ እንደ በሬው ያለ ከባድ ትራንስፎርመር የለባትም፤ የስፒከሯም ማግኔት ቀላል ነው። ጉልበት ግን አላት። የረከሰችው መልኳ ስለተበላሸ ነው። ማራገቢያዋ ትንሽ ይጮሃል። መብራት ሲወዛወዝ...» አለና ቆመ።

«ሲወዛወዝ ምን?» አለች ዊዳድ፣ ዓይኗን አፍጣ።

«መብራቱን የሚያረጋ ስታቢላይዘር ታደርጊላታለሽ። በቃ። ያኔም ማለት የነበረብኝ ይሄንኑ ነበር።»

«አሁንስ እንዴት ብዬ ልመንህ?»

«አትመኚኝ። ሰክተሽ ስሚ።»

የሱቁን ቤዝ ጊታር ሰካችና በተረፏት ጣቶች በአምባሰል ቅኝት ቀስ ብላ ጀመረች። ወፍራሙ ድምፅ ከወለሉ ተነስቶ በእግሮቿ መጣ። መደርደሪያው ላይ ያሉ ብሎኖች ተንቀጫቀጩ፤ ከጎረቤት ሱቅ አንዱ «ማሻ አላህ!» አለ። ሙንዚር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሞ ነበር። ለምን እንደዞረ አልገባትም፤ ልትጠይቀውም አልፈለገችም።

«ክብደት ሱቅ ውስጥ አይታወቅም» አላት ስትጨርስ። «ይዘሻት ገበያውን ዙሪ።»

ይዛት ወጣች። በሰው መሀል፣ በጋሪና በማዳበሪያ ከረጢት መሀል፣ ማንንም «ያዝልኝ» ሳትል ሰኞ ገበያን ዞረችው። ትንፋሿ አልተቆረጠም። ክንዷ አልዛለም። ደስታ ከውስጧ ሲመጣ ተሰማትና ደስ ስላላት ተናደደች። ለካ እንዲህ ቀላል ነበር! ዓመት ሙሉ እንዲህ መሆን ይችል ነበር!

ተመልሳ ገንዘቡን ቆጠረችለት። የጎደለውን በበሬው አካካሱት፤ ሰው ልኮ ከኮምቦልቻ ያስመጣዋል፣ ለመለዋወጫ ይሆነዋል።

«የቅዳሜው ሰርግ...» ብሎ ጀመረ።

«እንዳትመጣ» አለችው።

ቅዳሜ ዊዳድ አምፗን በአንድ እጇ፣ ጊታሯን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የኮምቦልቻውን አዳራሽ በር አለፈች። በሩ ላይ «በርቺ» የሚላት አልነበረም። አልከፋኝም አለች። ከፍቷታል። ጣቷ ፋሻውን ከፈታ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ያማታል፤ ግን እልኋን ሁሉ ክሩ ላይ አወጣችው፣ ሴቶቹም ጉልበታቸው እስኪዝል ጨፈሩ።

ስትወጣ ሙንዚር ከግድግዳው ሥር ቁጭ ብሏል። ባዶ እጁን።

«ምን ልትሸከም መጣህ?»

«ምንም። ልሰማ ነው» አለና ተነሳ። «ዊዳድ፣ እኔ እኮ ስትጫወቺ አይቼሽ አላውቅም። ሁለት ዓመት የሰማሁሽ በግድግዳ ነው። የነጂባ ድምፅ ይቀራል፣ ኪቦርዱም ይቀራል። ግድግዳውን የሚያልፈው ያንቺ ብቻ ነው። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ፊቴን ያዞርኩትም ለዚህ ነው። እንደለመድኩት ልሰማሽ ብዬ።»

የዊዳድ ዓይን እንባ ሞላ። ይህም አናደዳት።

«ይሄን ቃል ከመጀመሪያው ብትለኝ ጣቴ አይቀጠቀጥም ነበር!» ብላ ጮኸችበት። «ለምን? ለምን እንዲህ አይነት ሰው ትሆናለህ?»

«ፈርቼ። ወላሂ ፈርቼ ነው።»

ከአዳራሹ የሚወጡ ሴቶች እያዩአቸው አለፉ።

«አፉ አላልኩህም» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ግን፣ ልጅቱን ከመለመናቸው በፊት ጥፋትህን ለአባቴ ይንገሩ። አንድም ሳይደብቁ።»

ሽማግሌዎቹም እንዳለችው ተናገሩ። ከደሴ የመጡት ሸህ መሕሙድ የአምፑን ነገር ከሥር እስከ ጫፍ ሲተርኩ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችው ዊዳድ ደሟ እንደገና ፈላ። አባቷ ጋሽ በሺር ግራጫዋን አምፕ አስመጥተው በአንድ እጃቸው አነሷት፣ መልሰው አስቀመጧት።

«ያኛውስ የታለ? በሬ ነው ያላችሁት?»

«ደሴ፣ ከልጁ ሱቅ።»

«እሱን ተሸክሞ እዚህ ያምጣልኝ። ብቻውን። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሙንዚር ቤታቸው ወዳለበት ዳገት በሬውን በጀርባው አዝሎ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ አየው። ዊዳድ በመስኮት ታይ ነበር። መንገድ ላይ ባረፈ ቁጥር «ይበለው» ትላለች። ወደ መጨረሻ ግን ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አይታ ውሃ ይዛ ወጣች። ውሃውን ስትሰጠው ፊቷን አጨፍግጋ ነበር።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለችው። «ጠጣ።»

ኒካሁ ከረመዳን በፊት ሆነ። በሰርጉ ቀን ሙሽራ አትጫወትም ቢሏትም ዊዳድ አልሰማቻቸውም። ሒና በተቀባ እጇ ግራጫዋን አምፕ ከፍታ በአምባሰል አንድ ዜማ ተጫወተች። ከግድግዳው ማዶ ወንዶቹ ምግብ ላይ ነበሩ። ሙንዚር የጎረሰውን ሳይውጥ ተነስቶ ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ፣ ዜማው እስኪያልቅም ማንንም አላነጋገረም።

ሙሽራዋ የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ በሩ ላይ ጠበቃት። ዊዳድ በነጭ ቀሚሷ፣ አምፗን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ብቅ አለች። ሙንዚር በልማዱ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

ዊዳድ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

«ይቺ የኔ ናት» አለችው። «መሸከም ካማረህ ቀሚሴን ያዝ።»

ጎንበስ ብሎ የቀሚሷን ጫፍ ከመሬት አነሳ።