ስምንት መቶ ሰባ አምስት

ቦሰና ቂሟን አንገቷ ላይ አስራ ትዞር ነበር፤ ከማተቧ ጋር የተንጠለጠለ አንድ ቀለበት። ላብ ሲነካው ቆዳዋን አረንጓዴ ያደርገዋል። ታጥበዋለች እንጂ አታወልቀውም።

የሰጣት ተገኘ ነው፤ እንደ እሷ ለሥራ ዓረብ አገር የመጣ፣ ወደቡ አጠገብ ካራንቲና የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚያወርድ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። የተዋወቁት ሳብራ ገበያ ቲማቲም ስትመርጥ ነበር። «እሱን ተይው እመቤት፣ ከላይ ብቻ ነው የሚያምረው» ብሏት።

አንድ እሑድ ቀለበቱን ጣቷ ላይ አድርጎ «ወርቅ ነው» አላት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሴቶቹ እልል አሉ። የወርቅ ነጋዴ ቤት የምትሠራው እሙሽ ግን ቀለበቱን ተቀብላ ውስጡን አየች።

«አንቺ! አሥራ ስምንት ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ ጂ ፒ ይላል እኮ! ማዳሜ አሳይታኛለች፣ የተቀባ ማለት ነው። ያኒ፣ ነሐስ ልታገቢ ነው!»

ሁሉም ሳቁ። ቦሰና ወደ ተገኘ ዞረች። «አላወቅኩም» ቢላት ይበቃት ነበር። እሱ መሬት መሬቱን አየ። ትታው ሄደች።

ዓመታት አለፉ። ሐምራ ሰፈር በምትሠራበት ፎቅ ላይ መስኮት ስትወለውል እጇ ይቆምና በወደቡ በኩል አሻግራ ታያለች። ቲማቲም ስትገዛ ሥሩን ሳትገለብጥ አታነሳም፤ ድምፁ ከኋላዋ የሚመጣ ይመስላታል።

ፊደል በቅጡ ያልቆጠረችው ቦሰና የወርቅ ምልክት ለመለየት ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ያለውን አርመናዊ አንጥረኛ አሰለቸችው። ሰባት መቶ ሃምሳ የሚል ቁጥር አሥራ ስምንት ካራት ነው፤ ስምንት መቶ ሰባ አምስት የሚል ደግሞ ሃያ አንድ።

«ልትገዢ ነው ወይስ ልትማሪ?» አላት ሽማግሌው።

«ሁለቱንም።»

አንድ ቀን አብራት የምትኖረው ናፊሳ፣ «ተገኘን አገኘሁት። ዛሬም ብቻውን ነው። ስላንቺ ጠየቀኝ» አለቻት።

«ምን አልሽው?»

«ቂሟን በሳሙና ታጥባለች አልኩት።»

በማግስቱ ቦሰና ካራንቲና ሄደች። ሰላምታም አላስቀደመች።

«ታውቅ ነበር?»

ተገኘ ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። ጸጉሩ ሸብቷል።

«አውቅ ነበር፣ ቦስዬ። ቀለሙ ሳይለቅ በእውነተኛው እለውጥላታለሁ ብዬ ነው። ደስታሽን ሳይ አፌ ተሳሰረ።»

«ነሐስ ነው ብትለኝ አደርገው ነበር እኮ!»

ወደቡ ላይ መርከብ ጮኸ። ከደረቷ የመሐረብ ቋጠሮ አወጣችና ፈታችው፤ ሰፊ የወንድ ቀለበት።

«ውስጡን አንብብ።»

ዓይኑን አጨነቆረ። «ስምንት መቶ ሰባ አምስት።»

«ከጎኑ ፊደል አለ?»

«የለም።»

«ኸላስ፣ አለቀ። ሰው ለሰው ሲሰጥ እንዲህ አሳይቶ ነው። ጣትህን አምጣ።»

«ቦስዬ፣ ለአንቺ መስጠት የነበረብኝ እኔ...»

«አንተማ ሰጥተሃል» አለችና የአንገት ልብሷን ገለጥ አድርጋ አረንጓዴውን አሳየችው።

ጓደኞቹ ማፏጨት ጀመሩ። ተገኘ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ዘረጋላት። ሸክም ያሳበጠው የጣቱ አንጓ ቀለበቱን አላሳልፍ አለ። ቦሰና በምራቋ አራሰችና ገፍታ አስገባችው።